ማውሱን ከመንጠቃችሁ በፊት ማስመሪያ አምጡ



የዛሬው ጽሑፌ ከወትሮው ለየት ይላል። ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ጨጓራ አይደለም፤ ስለ ኮምፒውተር ማውስ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የተኩስ ጌም የሚጫወት ልጅ ካለ፣ ወይም ራሳችሁ ማታ ማታ የምትጫወቱ ከሆነ፣ ረዘም ቢልም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ጌም የሚጫወት ልጅ "እጄን አመመኝ" ሲል ወላጅም ሐኪምም አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣለት "ስንት ሰዓት ብትጫወት ነው?" የሚለው ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፤ እሱም "የማውስህ ሴንሲቲቪቲ ስንት ነው?" የሚለው ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል በአንድ ታካሚዬ ታሪክ ላስረዳችሁ።

ኳስ ሲጫወት ወደቅሁ ያለው ልጅ

ታሪኩን እንድጽፈው እናቱ ፈቅደውልኛል፤ ልጁም እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ። የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ የ8ኛ ክፍል ተማሪ። ለሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ወር ሲቀረው ቀኝ እጁን ይዞ ከእናቱ ጋር መጣ። የእጁ አንጓ በአውራ ጣቱ በኩል ያመዋል። "ምን ሆነህ ነው?" ስለው "ትምህርት ቤት ኳስ ስንጫወት ወድቄ በእጄ ተደገፍኩ" አለኝ።

አንድ ሰው በመዳፉ ተደግፎ ሲወድቅና አውራ ጣቱ ሥር ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሲነካ የሚያመው ከሆነ፣ እኛ ሐኪሞች ቶሎ የምንጠረጥረው ስካፎይድ የምትባል ትንሽ የአንጓ አጥንት ስብራትን ነው። ይህች አጥንት ተሰብራም በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች። ችላ ከተባለች ደግሞ ደም ሳይደርሳት ቀርቶ የአጥንቷ ክፍል ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ራጁ ምንም ባያሳይም ጥርጣሬው ካለ እጁን በጀሶ አስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ደግሞ ማየት የተለመደ ነው። እኔም ይህንኑ አደረግሁ። ልጁ የሚጽፍበት እጁ በጀሶ ታስሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ክፍል ውስጥ ማስታወሻ ሳይወስድ ተቀመጠ። ሁለተኛው ራጅም ምንም አላሳየም። ጀሶው ሲፈታ ሕመሙ ጠፍቷል። እናቱ አመስግነውኝ ሄዱ።

ከአንድ ወር በኋላ ያው እጅ፣ ያው ቦታ፣ ያው ሕመም ተመልሶ መጣ። በዚህ መሃል ወጌሻ ዘንድ ሄደው ሁለት ቀን ታሽቷል። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የተገዛ ዲክሎፌናክም ለሁለት ሳምንት ወስዷል። ጨጓራውንም ማቃጠል ጀምሮታል። ፈተናው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ አንድ ገጽ ሳይጽፍ እጁ ይደክማል።

"እስቲ ምን ስታደርግ እንደሚያምህ አሳየኝ" አልኩት። እጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አንጓውን ብቻ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ እንደ መኪና ዝናብ መጥረጊያ፣ ፈጠን ፈጠን አድርጎ አንቀሳቀሰው። ኳስ ሜዳ ላይ ማንም እጁን እንዲህ አያንቀሳቅስም። እናቱን ለጥቂት ደቂቃ ውጭ እንዲጠብቁን ጠየቅኋቸው። በዚህ ዕድሜ ያለን ልጅ ለብቻው ማናገር የሕክምናው አንድ አካል ነው።

"ምን ጌም ነው የምትጫወተው?" አልኩት። መሬት መሬት አየ። "ሴንሲቲቪቲህስ ስንት ነው?" ስለው ግን ቀና አለ። ታናሽ ወንድሜ ካውንተር ስትራይክ ሲጫወት ያደገ ልጅ ስለሆነ ቃሉን ከእሱ ነው የለመድኩት። ልጁ ወዲያው መለሰልኝ። ማውሱ 1600 ዲፒአይ፣ ጌሙ ውስጥ ያለው ሴንሲቲቪቲ ደግሞ 3። ቀጥሎ ያለውን በለሆሳስ ነው የነገረኝ፦ "ዶክተር፣ አልወደቅሁም። እንዳይነግሯት፤ ካወቀች ኮምፒውተሩን ትሸጠዋለች።"

ልብ በሉ። ሁለት ራጅ፣ ሁለት ሳምንት ጀሶ፣ የወጌሻ እሽት፣ ጨጓራ የሚያቃጥል መድኃኒት። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ልጅ እውነቱን ከተናገረ የሚወደውን እንደሚያጣ ስለሚያውቅ ነው። እኔም የታከመውን እንጂ የታመመውን አላየሁም ነበር።

ሴንሲቲቪቲ ምንድን ነው?

ለማታውቁት ወላጆች በቀላሉ ላስረዳ። በተኩስ ጌም ውስጥ ልጁ ማውሱን ሲያንቀሳቅስ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ዞሮ ያያል፤ ያነጣጥራል። እጅ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ያ ሰው ምን ያህል ይዞራል የሚለውን የሚወስነው ሴንሲቲቪቲ ነው። ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው ነው የሚሠራው። አንደኛው የማውሱ ዲፒአይ ነው፤ ማውሱ አንድ ኢንች ሲንቀሳቀስ ለኮምፒውተሩ ስንት ነጥብ እንደሚልክ ይነግረናል። ሁለተኛው ጌሙ ውስጥ የሚሞላው ቁጥር ነው። ስለዚህ "800 ዲፒአይ ነኝ" ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። 400 በ2 እና 800 በ1 ካውንተር ስትራይክ ላይ አንድ ናቸው።

ከቁጥር ይልቅ ለእጅ የሚገባው መለኪያ ሴንቲ ሜትር ነው። ጌሙ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ መነሻው ላይ እስኪመለስ ድረስ ማውሱ ጠረጴዛው ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሄዳል? የዚያ ልጅ ሲሰላ 8.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህም የአንድ ኤቲኤም ካርድ ርዝመት ነው። ሙሉ ዓለሙን በኤቲኤም ካርድ ርዝመት ላይ ነበር የሚዞረው።

አሁን ከ10 ዲግሪ ፈንጠር ብሎ የቆመ ጠላት ላይ ማነጣጠር አለበት እንበል። በ8.7 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ማውሱ የሚንቀሳቀሰው 2.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ትንሽ ካለፈ ሳተ። በ40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ ለዚያው ጠላት 11 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ይኖረው ነበር። እጅ ሁለት ሚሊ ሜትር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ሲገደድ ጡንቻዎች በሁለቱም በኩል ይወጠራሉ፤ አውራ ጣት ማውሱን ጨምቆ ይይዛል፤ ክርንና ትከሻ ሥራ ይፈታሉ፤ ሸክሙ ሁሉ አንጓው ላይ ይወድቃል። አንጓው ደግሞ ወደ ጎንና ወደ ጎን በቀን ሺህ ጊዜ ይመላለሳል። በአውራ ጣት በኩል የሚያልፉት ጅማቶች ያሉበት ጠባብ ሽፋን የሚቆጣው እንዲህ ባለው ሥራ ነው። በሕክምና ደ ኬርቫን ይባላል። አዲስ የወለዱ እናቶች ሕፃን ደጋግመው ከማንሳት የተነሳ የሚይዛቸው ያው በሽታ ነው። ልጁን አውራ ጣቱን ጨብጦ አንጓውን ወደ ትንሿ ጣት በኩል እንዲያጎነብስ ስጠይቀው ከወንበሩ ዘለለ።

ተቃራኒውም አለ። አንዳንዱ ልጅ "ታዋቂዎቹ ዝቅ አድርገው ነው የሚጫወቱት" ሲባል ሰምቶ 400 ዲፒአይ በ1 ያደርገዋል። ይህ ለአንድ ዙር 104 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ማውሱን እያነሳ እያስቀመጠ ሲጎትት ይውልና በሳምንቱ ትከሻውንና አንገቱን ይዞ ይመጣል። ሁሉም እጅ አንድ አይደለም፤ ሁሉም ጠረጴዛም አንድ አይደለም።

ታዋቂ መሆንም ከጉዳት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከፍናቲክ ቡድን ጋር ሁለት ትልልቅ የካውንተር ስትራይክ ዋንጫዎችን ያነሳው ስዊድናዊው ኦሎፍ ካይቢየር በ2016 በእጅ ጉዳት ምክንያት ለተወሰነ ጊዜ ከጨዋታ መራቅ ነበረበት። ያውም ምርጥ ወንበር፣ ሰፊ ጠረጴዛና የሚከታተለው ቡድን ያለው ሰው ነው። የእኛ ልጆች የሚጫወቱት ደግሞ የምግብ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው።

ለምን እንዲህ አደረገው?

ልጁን "ለምን ይህን ያህል ከፍ አደረግኸው?" ብዬ ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ። "ቦታ የለኝም" አለኝ። ኮምፒውተሩ ያለው ሳሎን ውስጥ፣ በቴሌቪዥኑና በእህቱ ደብተሮች መሃል ነው። ማውሱን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ደብተር ላይ ነው። ደብተሩ ላይ አንድ ዙር መዞር የሚቻለው ሴንሲቲቪቲውን ከፍ በማድረግ ብቻ ነበር።

አያችሁ? መፍትሔው እኔ ክፍል አልነበረም፤ ራጅ ክፍልም አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንድ ወላጅ ጎኑ ቁጭ ብሎ ለአሥር ደቂቃ ሲጫወት ቢያየው ኖሮ ያገኘው ነበር። እኛ ግን ወደ ጌም የምንቀርበው ለመዝጋት ብቻ ስለሆነ አናየውም።

ትክክለኛውን ሴንሲቲቪቲ እንዴት ታገኛላችሁ?

ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና አብራችሁ አድርጉት። የሚያስፈልጋችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ብቻ ነው።

1ኛ. መጀመሪያ ቦታ አስፉ። ማውሱ ቢያንስ የማስመሪያውን ያህል ስፋት ያለው ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። ክንድ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ። ክርን ከጠረጴዛው ከፍታ ጋር እኩል ይሁን፤ ወንበሩ ዝቅ ካለ ትራስ ጨምሩ። አንጓ ወደ ላይ ተሰብሮ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መጫን የለበትም፤ አንጓ ወደ ላይ ሲታጠፍ በውስጡ በሚያልፈው ነርቭ ላይ ያለው ግፊት ይጨምራል።

2ኛ. ዊንዶውስ ውስጥ የማውስ ማስተካከያው ላይ "ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን" የሚል ምርጫ አለ። አጥፉት። እሱ ካልጠፋ ያው የእጅ እንቅስቃሴ ፈጠን ሲልና ቀስ ሲል የተለያየ ርቀት ስለሚሰጥ እጅ ልኩን መልመድ ይቸግረዋል። ልኩን ያላመነ እጅ ደግሞ ይጨመቃል።

3ኛ. ለኩ። ጌሙ ውስጥ ግድግዳ ላይ አንድ ምልክት ላይ አነጣጥሩ። ማውሱን ከግራ ጠርዝ ጀምራችሁ ወደ ቀኝ በቀጥታ ጎትቱ። ዕይታው ዞሮ ያው ምልክት ላይ ሲመለስ ማውሱ የሄደውን ርቀት በማስመሪያ አንብቡ። ማስላት ለሚወድ ልጅ ካውንተር ስትራይክ ላይ 41,564ን ለዲፒአዩና ለሴንሲቲቪቲው ብዜት ያካፍል፤ መልሱ በሴንቲ ሜትር ይመጣል። ቫሎራንት ላይ ደግሞ 13,063ን ያካፍል። የካውንተር ስትራይክን ቁጥር ወደ ቫሎራንት ለመቀየር ለ3.18 ማካፈል ነው። ልጃችሁ ይህን ከእናንተ አፍ ሲሰማ የሚያሳየውን ፊት ለማየት ብቻ እንኳ መሞከር ይገባል።

4ኛ. ከፍተኛውን ወሰን ጠረጴዛው ይወስነዋል። የአንድ ዙር ርቀት ማውሱ ከሚንቀሳቀስበት ቦታ ስፋት መብለጥ የለበትም። እንዲህ ከሆነ ልጁ ማውሱን መሃል ላይ አድርጎ ወደየትኛውም ጎን ሲጎትት ሳያነሳው ወደ ኋላው መዞር ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ቦታ ካለው እስከ 30፣ 40 ካለው እስከ 40። ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ግን ለእኔ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። ለአብዛኛው ልጅ ከ25 እስከ 50 ባለው ውስጥ የሚመች ቦታ ይገኛል። ብዙዎቹ ስመ ጥር የካውንተር ስትራይክ ተጫዋቾችም ማውሳቸውን 400 ወይም 800 ዲፒአይ ላይ ነው የሚያደርጉት። ውጭ ያለ ዘመድ በላከው ማውስ ሳጥን ላይ የተጻፈው ግዙፍ የዲፒአይ ቁጥር ማውሱ የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ እንድትጫወቱበት የታዘዘ አይደለም።

5ኛ. ልኩን ፈትኑ። ልጁ ጌሙ ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተራመደ ክሮስሄሩን አንድ ነጥብ ላይ አጽንቶ ለመያዝ ይሞክር። ክሮስሄሩ ነጥቡን እያለፈ ወዲያና ወዲህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ከፍ ብሏል። ነጥቡ ላይ ሳይደርስ ወደ ኋላ የሚቀር ከሆነ ዝቅ ብሏል።

6ኛ. በአንዴ አትገልብጡት፤ በየቀኑም አትቀይሩት። በየሳምንቱ 20 ከመቶ ያህል ብቻ ቀይሩና እጅ እንዲለምድ ጊዜ ስጡት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ልጁ ይሸነፋል፤ ይናደዳል፤ ወደ ድሮው ልመልስ ይላል። ያኔ ነው ከጎኑ መሆን የሚያስፈልገው። ጌም ቤት የሚጫወት ከሆነ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ይያዝ፤ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ የተለያየ ሴንሲቲቪቲ መጫወት እጁን በየቀኑ እንደ አዲስ ያስጨንቀዋል።

7ኛ. ማውስ የሚያዝ እንጂ የሚጨመቅ አይደለም። እንቁላል የያዝን ያህል ይበቃል። አንድ ዙር ጨዋታ ባለቀ ቁጥር እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ ትከሻውን ያንከባል፣ ጣቶቹን ይዘርጋ፣ ተነስቶ ውኃ ይጠጣ።

የቢሮ ሠራተኞችም ከዚህ አታመልጡም። ሒሳብ የምትሠሩና ዲዛይን የምትሠሩ፣ የማውሱ ቀስት በጣም ከፈጠነ ትንንሽ ሳጥኖች ላይ ለማቆም የምትጨምቁት ያንኑ አውራ ጣት ነው።

የትኛው ጣት ነው የሚያመው?

ልጃችሁን "የት ነው?" ብላችሁ በጣቱ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ቦታው ብዙ ይናገራል።

አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል ከሆነ ከላይ ያነሳሁት የጅማት ሽፋን መቆጣት ሊሆን ይችላል።

አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ከደነዘዙ፣ በተለይ ሌሊት ከእንቅልፍ ቀስቅሶ እጁን የሚያራግፍ ከሆነ፣ በአንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ካርፓል ተነል የሚባለው ይህ ነው።

ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ከደነዘዙ ደግሞ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ክርን ላይ ነው። ክርኑን ጠንካራ የጠረጴዛ ጠርዝ ወይም የወንበር መደገፊያ ላይ ተጭኖ መቀመጡን እዩ።

የሚከተሉት ካሉ ግን ሴንሲቲቪቲ ማስተካከሉን ትታችሁ ወደ ሐኪም ኑ፦ በእርግጥ ወድቆ ከሆነ፤ እጁ ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ትኩሳት ካለው፤ ዕቃ ከእጁ የሚወድቅ ከሆነ፤ መደንዘዙ ቀኑን ሙሉ ካልለቀቀ፤ አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሌላኛው እጅ ይልቅ ከሟሸሸ፤ ወይም በሁለት ሳምንት ዕረፍት ካልተሻለው።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ልበል። ወጌሻን የምታከብሩ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ለማቃለል አይደለም። የተቆጣ የጅማት ሽፋን ግን በኃይል ሲታሽ ይበልጥ ይቆጣል። ስብራት ካለ ደግሞ ማሸትና አጥብቆ ማሰር እጅን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ከረሜላ አይደሉም። ለቀናት ሊረዱ ይችላሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት ሲወሰዱ ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። ከሁሉ በላይ ሕመሙን ደብቀው ልጁ በተጎዳ እጁ እንዲጫወት ያደርጉታል።

"ዶክተር፣ ጌም እያበረታታሽ ነው?"

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። መልሴ አይደለም ነው። ሰዓቱ ምንም ችግር የለውም አላልኩም። ትክክለኛ ሴንሲቲቪቲ ይዞ በቀን ስምንት ሰዓት የሚጫወት እጅም ይታመማል። እንቅልፍ፣ ትምህርት፣ ምግብና ከሰው ጋር መገናኘት ከጌም ይቀድማሉ።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መመደቢያው ውስጥ የጌም ሱስን እንደ በሽታ አካቶታል። ግን መስፈርቱን እዩት። ልጁ ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌም ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ሲቀድምበትና ጉዳት እያየም ሲቀጥል ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል የዘለቀ መሆን አለበት። ልጃችሁ በዚህ ሁኔታ ላይ ከሆነ ማስመሪያ አይበቃም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል። ጌም የሚወድ ልጅ ሁሉ ግን ሱሰኛ አይደለም። ኳስ የሚወድ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ሲዞርበት ኳሱን አናቃጥልም፤ ጫማውንና ሜዳውን እናያለን።

ሌላም ወገን አለ። "እኔ ስለ ዲፒአይ የማውቀው የለም፤ ሥራ ውዬ ደክሞኝ ነው የምገባው" የሚሉ ወላጆች አሉ። እውነት ነው። ባለሙያ መሆን ግን አይጠበቅባችሁም። ለመጠየቅ የሚበቃችሁን ያህል ብቻ ነው። ልጁ ራሱ ያስተምራችኋል፤ ማስተማርም ደስ ይለዋል።

እኔ የምፈራው ከሰዓቱ ይልቅ ዝምታውን ነው። አንድ ልጅ በ14 ዓመቱ "ሕመሜን ከተናገርኩ የምወደውን ይወስዱብኛል" የሚለውን ከተማረ፣ በ16 ዓመቱ ሌላ የከፋ ነገር ሲገጥመውም አይነግራችሁም። እኔ ራጅ ማንበብ እችላለሁ፤ ያልተነገረኝን ግን ማንበብ አልችልም። ሕክምና የሚጀምረው ሰው እውነቱን በመናገሩ ነው። እውነቱን የሚናገረው ደግሞ ሲናገር ካልተቀጣ ነው።

ያ ልጅ የት ደረሰ?

ለእናቱ እኔ አልነገርኳቸውም። ራሱ እንዲነግራቸው ተስማማን፤ እኔ አጠገቡ ሆንኩ። እናቱ መጀመሪያ ተቆጡ፤ በተለይ ስለ ሁለቱ ራጅ ገንዘብ። ቆይተው ግን "እንግዲህ ምን እናድርግ?" ብለው ጠየቁኝ። አውራ ጣቱን የሚይዝ መደገፊያ አሠራንለት። ለሦስት ሳምንት ከጌም እንዲያርፍ ተስማማ። ዲክሎፌናኩ ቆመ። እናቱ የሳሎኑን ጠረጴዛ አራግፈው ለማውሱ 30 ሴንቲ ሜትር ቦታ አወጡለት። ወደ ጨዋታው ሲመለስ ዲፒአዩን ሳይነካ ሴንሲቲቪቲውን ከ3 ወደ 2፣ ቀጥሎም ወደ 1 ተኩል፣ በመጨረሻ ወደ 1 አወረደው። ይህም ለአንድ ዙር 26 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የጨዋታ ሰዓቱንም እናትና ልጅ ተነጋግረው ቀነሱት። ፈተናውን በራሱ እጅ ጽፎ ወጣ። አልፎ አልፎ ብዙ ሲጽፍ ዛሬም ትንሽ ይሰማዋል፤ ሲሰማው ግን ለእናቱ ይነግራቸዋል። እናቱ አሁንም ጌም አይወዱም፤ እንዲወዱም አልጠየቅኋቸውም።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ልጃችሁ ሲጫወት ወንበር ስባችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ምንም አትበሉ፤ እጁን ብቻ እዩ። ማውሱን ጨምቆታል? አንጓው ተሰብሯል? ቦታ አለው? ከዚያ ማስመሪያውን አምጡና "ስንት ሴንቲ ሜትር ነህ?" ብላችሁ ጠይቁት።

ለሌሎች ወላጆች ይጠቅማል ካላችሁ ሼር አድርጉት።